የተቆረጠው አንጓ

ማዶግ የገዛ መዝሙሩን በሰማ ቁጥር እጁ ይስታል። የዚያን ዕለት ጠዋትም ሳተ። በመቃብሩ ቦታ ጥግ ተንበርክኮ በአንዲት አሮጊት የራስጌ ድንጋይ ላይ ስሟን ሲጠርብ፣ ከታች ከመንገዱ ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች በጭጋጉ መሀል እየዘመሩ ብቅ አሉ። የሚዘምሩት የእሱን ነበር። በዚያ ሸለቆ ከዓመት ወዲህ ያለ እሱ መዝሙር አፈር የሚለብስ ሰው የለም። ዐለት የገደለውም፣ ሳል የገደለውም፣ ጠርሙስ የገደለውም በእሱ ቃል ይሸኛል።

ጎህ ሳይቀድ ተነሣ፥ ተራራው ጠራና፣
በእጁ መዶሻ ነበር፥ በአፉ ምስጋና።

እስከዚህ ደህና። ይህን ያለው እሱ ነው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አንጓ ያለው እሱ ነው። መሮውን ድንጋዩ ላይ እንዳስደገፈ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። አራተኛው መጣ።

ፈቃድህ ይሁን አለ፥ አንገቱን ዝቅ አርጎ፣
ዐለቱን ተቀበለ፥ እንደ ጸጋ ፈልጎ።

መሮው አንሸራቶት የአሮጊቷን ስም የመጨረሻ ፊደል ሸረፈ። ማዶግ ድንጋዩን ትኩር ብሎ አየና «ውሸታም» አለ። ድንጋዩን ማለቱ ግን አልነበረም።

አራተኛውን አንጓ እሱ አላለም። የዬስቲን አንገትም ዝቅ አላለም።

ዬስቲን ታናሽ ወንድሙ ነበር። ተራራውን እየፈለጡ የጣሪያ ድንጋይ ከሚያወጡት የካባ ሰዎች አንዱ ነው፤ ከጓደኛው ከቱድር ጋር ገደሉ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ይሠራ ነበር። ከሁለት ክረምት በፊት ከላያቸው ያለው፣ አረንጓዴ ሰንበር ያለበት ዐለት ማጉረምረም ጀመረ። የካባ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ሲሰማው ይወጣል፤ ማንም ፈሪ አይለውም። የዚያን ቀን ግን የካባው አለቃ ሜይሪግ ከላይ ቆሞ፣ «ዐለት ሲያወራ ቁጭ ብሎ የሚያደምጥ ሥራ ፈት ነው። ግባ» አለው። ዬስቲን ከሥሩ ገባ፤ ዐለቱም ወረደበት። ቱድር ከኋላ ስለነበር እግሩን ብቻ ሰብሮ ተረፈ። ዬስቲንን ቆፍረው ሲያወጡት ሁለቱ እጆቹ ከራሱ በላይ ተዘርግተው ነበር፣ የሚወድቅ ጣሪያ ደግፎ እንደሚያቆም ሰው። ደርቀው አልታጠፍ አሉ። ወደ ደረቱ ያወረዷቸው ማዶግና አናጢው ተጋግዘው ነው። ለእናታቸው ለሞድለን ግን እንደ ተኛ ሕፃን ነው ተብሎ ተነገራት፤ ከሣጥኑ ፊቱን ብቻ አሳዩአት።

ማዶግ ከድሮም ብቻውን የሚሄድ ሰው ነበር። መንደሩ ወደ ካባው ሲወርድ እሱ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ደመና ከሐይቁ ሲነሣ ያያል፣ ያየውን በከሰል ይሥላል፣ ሥዕል እምቢ ያለውን በግጥም ይላል። እንጀራው ግን የመቃብር ድንጋይና የመጠጥ ቤት ምልክት ነበር። ለመንደሩ መጠጥ ቤት የሣለው ቀይ አንበሳ ቁርጥ ሜይሪግን ነው ተብሎ ክረምቱን ሙሉ ተሥቆበታል። ወንድሙ ሲሞት አራት አንጓ ገጠመ። ሦስቱ ስለ ንጋት፣ ስለ ተራራና ስለ እስትንፋስ ነበሩ። አራተኛው እግዚአብሔርን የሚጠይቅ ነበር፤ ልጁን ማን ላከው፣ ስሙን ጥራው የሚል። በዝናብ መሀል መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ አሰማው። ሰው አለቀሰ። የጸሎት ቤቱ ሰባኪ መምህር ፓሪም አለቀሰ፤ ግጥሙንም ልገልብጠው ብሎ ለመነው። በተከታዩ ዓመት በታተመው መዝሙር ላይ ሦስቱ አንጓ እንዳሉ ነበሩ፤ አራተኛው ተቆርጦ የመምህሩ ተቀጥሎበታል።

ማዶግ መዝሙሩን ታትሞ ባየበት ዕለት ሮጦ ወደ መምህሩ ሄዶ ነበር። መምህር ፓሪ ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ሰጠው፣ አሬራ አስቀዳለት።

«መዝሙር ወደ ላይ የሚያርግ ነገር ነው፣ ወንድም ማዶግ» አለው። «ያንተ አራተኛ አንጓ ወደ ጎን ያያል።»

«የላከው ሰው ያለው ወደ ጎን ነዋ።»

መምህሩ አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገና፣ ሕዝቡ የሚፈልገው መጽናናትን ነው፣ መዝሙር ደግሞ አንዴ ከአፍ ከወጣ ባለቤት የለውም አለ። ማዶግ አሬራውን ሳይነካ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መዝሙሩ ሸለቆ ለሸለቆ ሄደ፤ ስሙም አብሮ ሄደ። መንገድ ላይ የማያውቁት ሰዎች ባርኔጣቸውን ያነሡለታል። እሱ በነጋ በጠባ ይናደዳል። ለሰው ሁሉ የራስጌ ድንጋይ ሲጠርብ፣ ለወንድሙ ግን የሚጽፈው ቃል አጥቶ እስካሁን አልጠረበለትም። ሰው ቢሰድበው ይመልሳል፤ ውሸት በስሙ ሲመሰገን ግን በምን አፉ ይመልስ?

ከሁሉ የባሰው ሜይሪግ ነው። የካባው አለቃ የጸሎት ቤቱም ሽማግሌ ነው። በዚያ አንጓ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ በዚያ በወፍራም ድምፁ ዐለቱን ተቀበለ እያለ ከሁሉ በላይ ይጮኻል።

የዚያ ዓመት በጋ ሊያልቅ ሲል አዲስ ጸሎት ቤት ተሠራ። መሬቱን የሰጠው የካባው ጌታ ነው፤ ግንቡን የሠራው ሕዝቡ ከሥራ በኋላ ነው። ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው መምህር ፓሪና ሜይሪግ ወደ ማዶግ የሥራ ጎጆ መጡ፤ ከኋላቸው አንድ ፈረስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጎትታል። መምህሩ ድንጋዩ ከመስበኪያው ኋላ እንደሚቆምና የመዝሙሩ መጨረሻ ሁለት ስንኝ እንዲጠረብበት እንደሚፈልጉ ነገረው። ከላይ የፈለገውን ሥዕል ማድረግ ይችላል፤ እጅህን እናምናለን አለው።

ማዶግ ድንጋዩን አየ። ሰማያዊ ነው፣ ልስልስ ያለ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አረንጓዴ ሰንበር የተሰመረበት።

«አወቅኸው አይደል?» አለ ሜይሪግ፤ ድምፁ ራሱ ተሰበረ። «ያ የዐለት ገጽ ከወደቀ በኋላ ውስጡ እንዲህ ያለ ንጹሕ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። እኔው ራሴ ነኝ የመረጥኩት። ለወንድምህ መታሰቢያ ይሁነው ብዬ። እኔ እኮ ያንን መዝሙር ሳላለቅስ ጨርሼው አላውቅም።»

ጎጆዋ ውስጥ መዶሻ ነበር፣ መሮ ነበር፣ የሜይሪግም ራስ ነበር። ማዶግ እጁን ወደ ኋላው አጣመረ። ሰውየው እያሾፈ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። አላሾፈም። ከልቡ ነው። ረስቶታል፤ ወይም መዝሙሩ አስረስቶታል። ማዶግ በምረቃው ቀን መዝሙሩን የሚያወጣው ማን ነው ብሎ ብቻ ጠየቀ።

መምህሩ ፈገግ አለ። «ማን ይሆናል፣ ባለቤቱ እያለ?»

ማዶግ እሺ አለ።

ቤት ሲደርስ እናቱ ወተት ትንጣለች፤ ስትንጥም ትዘምራለች። እንደ ወትሮው አራተኛውን አንጓ ብቻ ነው የምትዘምረው፤ መናጫው ሲወርድ ፈቃድህ፣ ሲወጣ ይሁን።

«እማ፣ ያንን አትዘምሪው።»

«የቱን?»

«የእኔ ያልሆነውን።»

«ያንተ አይደለማ፣ የእኔ ነው» አለች ሞድለን መናጧን ሳታቆም። «ያንተን ሦስቱን ወስደህ ቀኑን ሙሉ ተናደድባቸው። እኔን ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያነሣኝ ይኸ ነው። ልጄ ፈቅዶ ሄደ ይላል። አንተ ምን ትላለህ? አንተ እንደ ውሻ ታጉረመርማለህ።»

ያን ጊዜ ነው ያመለጠው። አልፈቀደም፣ እማ፣ አለ። እጆቹ እንዴት እንደነበሩ፣ እንዴት አልታጠፍ እንዳሉ፣ እሱና አናጢው እንዴት እንደታገሉ ነገራት። ሜይሪግ ምን ብሎ እንዳስገባውም ነገራት። እየጮኸ ነበር የነገራት፤ የተቆጣው በእሷ ይመስል።

መናጫው ቆመ። ሞድለን የራሷን እጆች ገልብጣ አየቻቸው።

«ዐለቱን አጥብቆ ገፍቶት ነበር?»

«አጥብቆ ገፍቶት ነበር።»

«ሂድ ውጣልኝ» አለችው፣ በቀስታ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤት ውስጥ መዝሙር አልተሰማም። ቅቤ በዝምታ ይወጣል፣ የአጃ ቂጣ በዝምታ ይጋገራል። ማዶግ ዓመት ሙሉ ሲጠላው የኖረው ድምፅ ሲጠፋ፣ ቤቱ ጣሪያው የተነሣ መሰለው። በራሱ ተናደደ። ወደ ጎጆው ሄዶ ንዴቱን ድንጋዩ ላይ አወጣው።

ሊጨርስ ሲቃረብ ቱድር እያነከሰ መጣ። የካባ ሰው ነውና ድንጋዩን ከለበሰው ጨርቅ በወጣው ጠርዙ ብቻ ገና ከበር አወቀው። ጨርቁን ገልጦ የተጠረበውን አየ። ፊደል አልነበረም። ሁለት እጆች ብቻ ነበሩ፣ ወደ ላይ የተዘረጉ፣ ጣቶቻቸው የተበረገዱ። አረንጓዴው ሰንበር ከመዳፎቹ በላይ ያልፋል።

«ጸሎት ነው ይሉሃል እኮ» አለ ቱድር።

«ይበሉ።»

«መዝሙሩንስ?»

«የራሴን አወጣለሁ።»

ቱድር ጨርቁን መለሰ። ቤቱ የሚጠብቁት አፎች እንዳሉ፣ በዚህ እግሩ ሌላ ሥራ የሚሰጠው እንደሌለ ተናገረ። «የምታወጣውን አልቀበልህም፣ ማዶግ። ከአሁኑ ልንገርህ፤ ኋላ እንዳታየኝ።»

«ድሮስ መቼ ተቀበልከኝ? ያየኸው አንተ፣ ተናጋሪው እኔ።»

ቱድር ምራቁን ደጃፉ ላይ ተፍቶ ሄደ።

የምረቃው ቀን ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። አዲስ የጥድ እንጨትና ኖራ ይሸታል፤ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ከላዩ። ሽማግሌዎቹ ከመስበኪያው ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ተቀምጠዋል፤ ሜይሪግ መካከላቸው። ሞድለን በጥቁር ሻሿ ሴቶቹ መሀል ነበረች፤ ከቤት ስትወጣ ልጇን አላነጋገረችውም። ቱድር ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሟል።

መምህር ፓሪ ጸለየና ጨርቁን ከድንጋዩ ላይ ሳበ። ሕዝቡ እፎይ እንደማለት ተነፈሰ። ሴቶች ከንፈራቸውን መጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህሩ ፊደሉን ፈልጎ ሲያጣ ለአፍታ ግራ ገባው፤ ወዲያው ግን ፊቱ በራ። ቃል ቢጠፋ ምን ይደንቃል፣ እነዚህ የምስጋና እጆች ናቸው፣ ቃሉን ከዚህ በላይ ማን ይጽፈዋል አለ። ሜይሪግ መሐረቡን አወጣ።

ማዶግ ተነሥቶ ወደ መስበኪያው ወጣ።

በእነሱ ዘንድ መዝሙር እንዲህ ነው። መጽሐፍ ያለው ጥቂት ስለሆነ አውጪው ሁለት ስንኝ ይላል፣ ሕዝቡ ያንኑ በዜማ ይቀበላል። ከልጅነቱ የለመደው ነውና አፉ ከልቡ ይቀድማል። የመጨረሻው ሁለት ስንኝ ሰውን ከነካ ደግሞ ከሕዝቡ አንዱ እንደገና ያነሣዋል፤ አንዴ ከተነሣ ራሱ እስኪበርድ ድረስ ሰባኪም ቢሆን አያስቆመውም። ማንም ካላነሣው ግን ሰባኪው ይጸልያል፣ መዝሙሩም እዚያው ያበቃል።

ማዶግ አንደኛውን አወጣ፣ ተቀበሉ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ተቀበሉ። በአራት ድምፅ ተከፍለው ሲነሡ ግንቡ ይነዝራል፤ ግጥሙን የጠላው ሰው እንኳ ዜማውን መጥላት አይችልም። ትንፋሹን ሰበሰበና የራሱን አራተኛ አወጣ።

አንተ ሁሉን የምታይ፥ ዐለቱ ሲሰነጠቅ፣
ማን ነው የላከው ብለህ፥ ስሙን ጠርተህ ጠይቅ።

መምህር ፓሪ ቀና አለ። ሕዝቡ ግን ተቀበለ። ያው ዜማ፣ ያው እንባ። ማዶግ ቁልቁል አየ፤ ሜይሪግ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከሁሉ አስበልጦ ስሙን ጠርተህ ጠይቅ ይላል።

ደሙ ከድንጋዩ ላይ፥ ዝናብም አላጠበው፣
ሂድ ግባ ያለው ሰው፥ ከመካከላችን ነው።

ይህንንም ተቀበሉ። ሴቶቹ እየተወዛወዙ ተቀበሉ። ሜይሪግ እያለቀሰ ተቀበለ። ዜማው አልቆ ዝም ሲል አንዲት አሮጊት «አሜን፣ እንዴት ያለ ጣፋጭ ነው» ስትል ተሰማ።

ማዶግ መስበኪያውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ዓመት ሙሉ የፈራው መቆረጥን ነበር። ለካስ ቃሉን ሙሉውን ቢሰጣቸውም ያው ነው። እርግማን ቢያወጣ ይቀበላሉ፤ የዕቃ ስም ቢያወጣ ያለቅሱበታል። መጮኽ አማረው፤ የሚጮኸው ግን ቃል ነው፣ ቃሉን ደግሞ አሁን ጨረሰ። መምህር ፓሪ ይህን ዝምታ ሲጠብቅ ነበር፤ እጁን ለጸሎት አነሣ።

«ደሙ ከድንጋዩ ላይ...»

ቀጭን፣ ከዜማው ዝቅ ያለ፣ የሻከረ ድምፅ ነበር። ሞድለን ተነሥታ ቆማለች። አላለቀሰችም። ዓይኗን በሜይሪግ ላይ ተክላ፣ ወተት እንደምትንጥ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል ቁልቁል እየደፋች ዘመረች። ብቻዋን ነበረች። መምህሩ የተነሣ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም፤ የተነሣ መዝሙር አይቆምማ። ሂድ ግባ ያለው ሰው ስትል ቀኝ እጇን ከሻሿ ሥር አወጣች፣ ከዚያም ግራዋን፤ ከራሷ በላይ ዘረጋቻቸው። ጣቶቿ ተበርግደው ነበር።

ሰዎች እሷን አዩ። ከዚያ ድንጋዩን አዩ።

ከኋላ ከበሩ የቱድር ድምፅ ገባ፣ የሚያስፈራ ወፍራም። ሂድ ግባ ያለው ሰው። የካባ ሰዎች አንድ በአንድ ተቀበሉ፤ ሁሉም አይደሉም፣ ብዙዎቹ ጫማቸውን ያዩ ነበር። የተቀበሉት ግን በዚህኛው ዙር የሚሉትን ያውቁ ነበር። ሜይሪግ ዓይኑን ገለጠ። አፉ በልማዱ ተከፍቶ ነበር፤ ከመካከላችን ነው ላይ ሲደርስ ገጠመው። ፊቱ ወደ ሕዝቡ ነውና የሚሸሽበት የለም። መሐረቡን ኪሱ ሊከት ሞከረ፣ ኪሱን አጣው። ሦስተኛው ዙር ሲነሣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ በጸሎት ቤት ውስጥ ባርኔጣውን አድርጎ፣ በመሀል መተላለፊያው ወጣ። ቱድር ከበሩ ላይ ፈቀቅ አለለት። መዝሙሩን ግን አላቋረጠለትም።

ሲበርድ ማንም አልጸለየም። ሰው እርስ በርሱ ሳይተያይ መውጣት ጀመረ፤ ነገ ካባው ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው ሁሉም ያውቃል። ሞድለን ወደ ፊት መጣችና ድንጋዩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ይህን አውርዱልኝ። ልጄ የራስጌ ድንጋይ የለውም።»

መምህር ፓሪ፣ ድንጋዩ ለጸሎት ቤቱ የተሰጠ መሆኑን፣ ሽማግሌዎቹ ሳይመክሩበት እንደማይሆን በትሕትና አስረዳት።

«ዐለቱን ተቀበልን፣ መምህር» አለችው ሞድለን። «ያስተማሩንን ነው። ይኸው ተቀበልን።»

እሱ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ። ቱድርና ሌሎች ሦስት የካባ ሰዎች ማዕዘኑን ያዙ፤ ማዶግ ከሥር ገባ። በካፊያው ውስጥ ወደ መቃብሩ ወጡ። ቱድር እያነከሰ መንገዱን ሙሉ ተራገመ፤ ድንጋዩን፣ እግሩን፣ ሜይሪግን፣ ከሁሉ በላይ ማዶግን። ለልጆቼ ነገ ግጥም ነው የማበላቸው አለው። ማዶግም ንዴቱ ገና አልወጣለትም፤ ትከሻው ላይ ድንጋዩ፣ ደረቱ ውስጥ እሱ።

ዬስቲን ራስጌ አቆሙትና ሰዎቹ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። ሞድለን ተጠግታ መዳፎቿን በተጠረቡት መዳፎች ላይ ለጠፈች። ውሃው በጣቶቿ መሀል ይወርዳል።

«እንዲህ ነበር?»

«እንዲህ ነበር።»

በአውራ ጣቷ የድንጋዩን አውራ ጣት ለካች።

«አሳጥረህበታል» አለች። «የእሱ ረጅም ነበር።»

ማዶግ ተንበረከከና መሮውን ከኪሱ አወጣ።